የዘከሪያን መኪና ማን ይግዛት

ሀጅራ ሰይድ ከሐይቅ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ተድራ ነው። ባሏ ዘከሪያ ያኔ አንዋር መስጊድ ጀርባ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ ጣቃ ይሸከም ነበር። ትከሻው ላይ የሚያጋድመው ጣቃ ከራሱ ቁመት ይረዝማል። ማታ ሲገባ አንገቱን ማዞር ስለሚያቅተው ሊያያት ሲፈልግ መላ አካላቱን ነበር የሚያዞረው። እሷም ጨርቅ በሙቅ ውኃ እየነከረች ትከሻውን ትተኩስለታለች። አማኑኤል ሰፈር በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ ትዳራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ዘከሪያ ሸክሙን ትቶ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ መሸጥ ጀመረ፤ ከመሬት ወደ ኮንቴይነር፣ ከኮንቴይነር ወደ ሱቅ አደገ። ሀጅራም አብራው ቆመች። እጇ ጨርቅ ከለመደ በኋላ ከወንዶቹ ነጋዴዎች የሚደርስባት አልነበረም፤ ዐይኗን ጨፍና በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ የቱ የቱርክ፣ የቱ የቻይና እንደሆነ ትናገራለች። ዋጋ ላይ ጠንካራ ናት። የገባ ደንበኛ ባዶ እጁን ሲወጣ ማየት አትወድም። ጣቃው እድፍ ወይም የተበላ ክር ካለው እንከኑን ወደ ውስጥ አጥፋ ትደረድረዋለች። ዘከሪያ ደግሞ እዚያው ደንበኛው ፊት ይዘረጋውና “እዚህ ጋ እንከን አለበት፣ እየው” ይላል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ተኮራርፈዋል።

“አንተ ቃዲ ነበር መሆን የነበረብህ፤ ንግድ ማን አስገባህ?” ትለዋለች።

እሱ ይስቃል።

መኪናዋን የገዛት ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። ጀርመን ሠራሽ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሯ ቆዳ፣ በሯ ሲዘጋ የውጭውን ጫጫታ ሁሉ ቆርጣ የምታስቀር አውቶሞቢል ነበረች። አዲስ አይደለችም፤ ብዙ እጅ ዞራለች። ቦሌ አካባቢ ከሚኖር ሰው ነው የገዛት። የከፈለውም ባልና ሚስቱ ለቤት መግዣ ብለው ከዓመታት ጉሮሯቸው ቀንሰው ያጠራቀሙትን ነው።

ምክንያት ነበረው። ጣቃ በሚሸከምበት ዘመን አሠሪው እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። ዘከሪያ ዕቃ ከኋላዋ ይጭን ነበር እንጂ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። አንድ ክረምት ዶፍ ሲወርድበት ሰውዬው ሊያስገባው በሩን ከፈተለትና ልብሱን አይቶ መልሶ ዘጋው። ይህን ለሀጅራ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሯታል።

መኪናዋን ይዞ ሰፈር የገባ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ “ማብሩክ! ማብሩክ!” አለ። ሀጅራ የቤቱ ገንዘብ ቢያንገበግባትም ሻሿን አስተካክላ ከፊት ተቀመጠች። ደስ አላላትም ማለት ውሸት ነው። አንድ ልጃቸው ፈርሀት ከኋላ ሆና ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻቸው። እስከ ፒያሳ ሄደው ተመለሱ፤ መንገዱ ጉድጓድ እንዳለው እንኳን አልተሰማቸውም።

ያ ደስታ ወር ነው የቆየው።

አንድ ጠዋት ዘከሪያ ሱቅ ሊሄድ ሲወጣ መኪናዋ በፊት በኩል እንደ ግመል ተንበርክካ አገኛት። ጎማው በላሜራው ውስጥ ተቀብሯል። ሞተሩን ሲያስነሳው እያቃሰተች ቀስ ብላ ተነሣች። በማግሥቱም ተንበርክካ አደረች። አውቶቡስ ተራ ጀርባ ጋራዥ ወዳለው ወደ በሪሁን ወሰዳት። በሪሁን አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን መንደር በዘይት የረገጠ መካኒክ ነው።

“ጋሼ ዘከሪያ፣ የዚህች ሞላ ብረት አይደለም” አለው ከሥር ወጥቶ። “በአየር የሚቆም ጎማ መሳይ ነገር ነው። ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ሌሊቱን አየሩን ሲያፈስ ያድራል። ጠዋት የሚነፋው ሞተር ደግሞ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። ሁሉም መቀየር አለበት።”

ሱማሌ ተራ ወርደው ዋጋ ጠየቁ። ያገለገለው አንዱ ብቻ፣ ያውም ዋስትና የሌለው፣ ከሰማንያ ሺህ ብር በላይ ነበር። ዘከሪያ ሁለቱን ገዛ። የሱቁ የአንድ ክረምት ትርፍ እዚያ ገባ።

ሁለተኛው ብልሽት የመጣው መንገድ ላይ ነው። ለአረፋ በዓል ወደ ሐይቅ፣ ወደ ሀጅራ እናት ዘንድ ሲሄዱ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ የሙቀቱ መብራት ቀይ ሆነና መኪናዋ እንፋሎት ተፋች። ውኃ የሚያስተላልፈው የፕላስቲክ ቱቦ ደርቆ ተሰብሯል፤ ዘከሪያ መብራቱን አይቶ እስኪያቆም ድረስ ሞተሩ ግሏል። አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የሚያልፈው ሁሉ ፍጥነቱን ቀነስ እያደረገ አይቷቸው ያልፋል። ያችን ጥቁር መኪና ከነክብሯ አይሱዙ ላይ ጭነው ነው ወደ አዲስ አበባ የመለሷት። የሀጅራ እናት ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ፤ በዓሉም አለፈ።

በሪሁን ሞተሩን ፈታው። በሙቀቱ የተጣመመውን የሞተር ክዳን በማሽን አስፍቆ አቀና፣ የውኃ ፓምፑን ቀየረ፣ ቱቦዎቹን ቀየረ። ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው መሳሳት የጀመረው ያኔ ነው። ሀጅራ ባዶውን መደርደሪያ እያየች፣

“ይህች መኪና ጨርቅ ትበላለች እንዴ?” አለችው። “ሱቁንም ሽጥና ሞላ ግዛበት!”

ዘከሪያ የቀሩትን ጣቃዎች መደርደሩን ቀጠለ።

“ሽጣት! የሰው መሳቂያ ሆንን እኮ! ለማን ብለህ ነው የያዝካት? ለዚያ በዝናብ ጥሎህ ለሄደው ሰውዬ ነው? እሱ እንደሆነ ከሞተ ቆየ።”

ይህ ንግግር ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ዘከሪያ ቀና ብሎ አያት፤ ኮፍያውን አነሣና ለሶላት ወጣ። ሀጅራ ግን እልኸኛ ናት፤ ይቅርታ አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ መግባት ተወች። ጠዋት ጠዋት እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ነይ ግቢ” ይላታል። እሷ “በታክሲ እሄዳለሁ” ብላ ታልፈዋለች። ከአንድ ቤት ወጥተው ወደ አንድ ሱቅ በሁለት መንገድ ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛው ካምቢዮው ሆነ። ማርሽ ሲቀያይር ከኋላ የተገጨች ያህል ትዘላለች። በዚያ ላይ የዶላር ምንዛሪ የተለቀቀበት ጊዜ ነበርና ትናንት በአንድ ዋጋ የተነገረው ዕቃ ዛሬ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃል። በሪሁን ካምቢዮውን አውርዶ ለማደስ የጠየቀው ገንዘብ አዲስ ባጃጅ ሊገዛ ምንም አይቀረው። ዘከሪያ አላሠራውም። ቀስ እያለ፣ እያባበለ ይነዳት ጀመር። ሀጅራ ይህንን ሁሉ ከሩቅ እያየች በልቧ “ኩራት ነው፤ ኩራቱን መሸጥ አልቻለም” ትል ነበር።

አንድ ቀን ለዙሁር ሶላት ውዱእ ሲያደርግ አንዋር መስጊድ ግቢ ውስጥ ወደቀ። ሰዎች አፋፍሰው በአንድ ሚኒባስ ሆስፒታል አደረሱት። ሀጅራ ስትደርስ እጁ ይሞቃል፤ ዐይኑ ግን ሰው አይለይም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ኮልፌ ተቀበረ።

*

ሀጅራ ዒዳዋን፣ የመበለትነት አራት ወር ከዐሥር ቀኗን፣ ቤቷ ተቀምጣ ጨረሰች። ስትወጣ ሱቁ ውስጥ የቀረው ጨርቅ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ አልነበረም። የሱቁ ኪራይ ግን አላነሰም። አከራዩ ከሐዘኑ በኋላ ታግሷት ነበር፤ አሁን ልጁን እየላከ “እትዬ ሀጅራ፣ እንዴት አሰቡ?” ማስባል ጀምሯል። መኪናዋ አጥር ሥር ተንበርክካለች። የሰፈር ድመት ኮፈኗ ላይ ይተኛል። ሀጅራ በወጣች በገባች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ባሏን የገደለችው ይህችው መኪና እንደሆነች ነው የምታስበው፤ የእሷ ብስጭት ልቡን እንደበላው።

ደላላው ኃይለልዑል የመጣው በዚህ መሀል ነው። ንጹሕ ለባሽ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት።

“እናቴ፣ ይህች ዕቃ ናት!” አላት። “አሁን እኮ ቤንዚን መኪና መግባት ቆሟል፤ ያለው ሁሉ ተፈላጊ ነው። ለሠርግ የሚያከራዩ ሰዎች እንዲህ ያለች ጥቁር ሲያገኙ ዐይናቸው ነው የሚጠፋው። ትንሽ ማስዋብ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።”

“ማስዋብ ማለት?”

“ለበሪሁን ይንገሩት፣ እሱ ያውቃል። የሞላውን ስንጥቅ ይለጥፈዋል። ካምቢዮው ውስጥ ወፍራም ዘይት ይጨምርበታል፤ መዝለሉን ለጊዜው ያቆማል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩትን መብራቶች በኮምፒውተር ያጠፋቸዋል። ለሁለት ሳምንት ቀጥ ብላ ከቆመች በቃ። ከዚያ በኋላ የገዢው ዕጣ ፈንታ ነው። እናንተንስ ማን አዘነላችሁ?”

የመጨረሻው አነጋገሩ ልቧን ነካው። እውነትም ማን አዘነልን አለች። ከጋራዥ የሚጎትት መኪና ተፈልጎ ወደ በሪሁን ተወሰደች፤ ሀጅራም ከደላላው ጋር በታክሲ ተከትላ ደረሰች።

በሪሁን እጁን በቡትቶ እየጠረገ ነገሩን ሰማ። ሲጨርሱ ደላላውን ቡና ጠጥቶ እንዲመጣ ነገረውና ለሀጅራ በርጩማ አቀረበላት።

“እትዬ ሀጅራ፣ የምትሉኝን ማድረግ ያቅተኛል እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ልንገርዎትና ከዚያ ያዘዙኝን እሠራለሁ።”

“ንገረኝ።”

“ይህንን ማስዋብ ጋሼ ዘከሪያንም ለምኜው ነበር።”

ሀጅራ ቀና አለች።

“ከሸዋ ሮቢት ተጭና እንደመጣች ነው ያልኩት። ‘ጋሼ፣ ይህችን አስተካክዬ እሸጥልሃለሁ፣ ሳትበላህ ተገላገላት’ አልኩት። ገዢም አመጣሁለት። አንዱን እንዳመጣሁለት ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች እንከኗን ነገረው። ሰውዬው ሄደ። ሌላ አመጣሁ፣ እሱንም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ከሻሸመኔ የመጣ ሰው ነበር፣ ከእንጨት ሥራ ያገኘውን ጥሪት ይዞ። መኪናዋን ካያት በኋላ እኔ ራሴ ‘እባክህ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ዝም በል’ ብዬ ለመንኩት። እሺ አለኝ። ሰውዬው ስለ ልጆቹ ማውራት ሲጀምር ግን መቀመጥ አልቻለም። ነገረው። እኔም የድለላዬን ስላጣሁ ተናድጄ ሰደብኩት። አፌ ይቆረጥ።”

“ምን አለህ?”

“‘እኔን ያታለለኝ አንድ ሰው ነው፤ እኔ ይህችን ሸጬ የማራቁተው ግን ስንት ነፍስ እንደሆነ አላውቅም’ አለኝ። ‘እንግዲህ እኔ ጋ ትሙት’ አለ።”

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ጎማ እየደበደበ ነበር። ሀጅራ ድምፁ እስኪያቆም ጠበቀች።

“ለእኔ ለምን አልነገረኝም? ኩራት መስሎኝ እኮ ነው! እኔ ስንት ነገር ተናገርኩት!”

በሪሁን መሬት መሬት አየ። “እሱንም ጠይቄው ነበር። ‘ሀጅራ ከሰማች እንከኗን ደብቀህ ሽጣት ትለኛለች፤ እሷ ካለችኝ ደግሞ እምቢ የምልበት አቅም የለኝም’ ብሎ ነው የመለሰልኝ።”

ሀጅራ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ዐይኗን ጠረገችበት። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

“እሱ አላህ ይዘንለት፤ ሄደ” አለች። “እኔ ነኝ የቀረሁት። አከራዩ ሱቄን ሊዘጋው ነው። የምትሠራውን ሥራ።”

በሪሁን ተከራክሮ አልመለሳትም። ሠራው።

*

ገዢዋ ጋራዡ ድረስ የመጣችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጫልቱ ትባላለች፤ ከጉደር ናት። ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የወጣትነት ዕድሜዋን ጨርሳ ነው የተመለሰችው። የእጆቿ ቆዳ በበረኪና ብዛት ተልጦ እንደ ቃጠሎ ጠባሳ ያብለጨልጫል። አብሯት ወንድሟ ኪያ መጥቷል፤ ሾፌር ነው፣ መኪናዋን ለሠርግ እያከራየ ሊሠራባት ያሰበው እሱ ነው።

መኪናዋ ያን ዕለት ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኪያ እስከ ጎጃም በረንዳ ነድቷት ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

“ጫልቱ፣ ቅቤ ናት! ሙሽራ እንዴት እንደሚያምርባት አስቢው እስቲ!”

ጫልቱ ግን አልተቻኮለችም። ደላላው ሲያወራ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሀጅራን ታያለች። በመጨረሻ ወደ ሀጅራ ቀረብ አለች።

“እትዬ፣ እኔ መኪና አላውቅም። እዚያ ሰው አገር እመቤቴ ስትነዳ አያለሁ እንጂ መሪ ነክቼ አላውቅም። ያለኝ ጥሪት ይህቺው ናት። እርስዎ እናቴ ይሆናሉ። ደኅና ናት?”

“ምን ጥያቄ ነው!” አለ ኃይለልዑል ፈጥኖ። “ሐጂ ዘከሪያ እንደ ዐይኑ ብሌን ነበር የሚሳሳላት!”

ጫልቱ አሁንም የምታየው ሀጅራን ነው። ሀጅራ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። አዎ እንደማለት ነበር። ጫልቱም እሱን ተቀብላ ስልኳን አወጣችና የባንኩን ገንዘብ ማስተላለፊያ ከፈተች። የምስጢር ቁጥሯን ማስገባት ጀመረች። ተሳሳተች። እንደገና ጀመረች። የተላጠው ጣቷ ስልኩ ላይ አልታወቅ እያለ ያስቸግራት ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

ሀጅራ ያንን ጣት አየች።

“ተይው” አለች።

“እትዬ?”

“ተይው ልጄ። አትላኪ።”

ደላላው ክንዷን ያዘ። “እናቴ፣ ምን ነካዎት?”

ሀጅራ ክንዷን አስለቀቀች። “በሪሁን፣ መኪናዋን በክሪክ አንሣትና አሳያቸው። የለጠፍከውን አሳያቸው።”

በሪሁን አንድ አፍታ አያት፤ ከዚያ ምንም ሳይል ክሪኩን ጎትቶ አመጣ። መኪናዋን አንሥቶ ኪያን ከሥሯ አስገባውና በባትሪ እያበራ ተናገረ፤ ሞላው የተለጠፈ መሆኑን፣ ካምቢዮው ውስጡ የተበላ መሆኑን፣ ዘይቱ ቢቀየር በማግሥቱ እንደምትዘል፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ግሎ የተከፈተ መሆኑን። “ብትገዙዋት” አለ ሲጨርስ፣ “ከሠርግ የምታገኙትን ሁሉ እዚህ ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ። ሙሽራ ጭናችሁም መንገድ ላይ ልትቀሩ ትችላላችሁ።”

ኪያ ከሥር ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። ጫልቱ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ቆማለች። ሀጅራ “አላህ ይስጥልኝ” የምትላት መስሏት ነበር። ጫልቱ ግን ዐይኗ ጠበበ።

“ሻጭ የራሱን ዕቃ ሲያራክስ የት ታይቷል?” አለች። “ሌላ የተሻለ የሚከፍል አግኝታችሁ ነው አይደል? እኔን ለማባረር ነው?”

“ወላሂ አይደለም ልጄ…”

“ታዲያ ቅድም ለምን ራስዎን ነቀነቁ?”

“እሱን አፉ በይኝ፤ አጥፍቻለሁ” አለች ሀጅራ።

ጫልቱ አፉ አላለችም። ወንድሟን በክንዱ ይዛ ወጣች። ኪያ ከበሩ ሳይወጣ አንዴ ዞሮ መኪናዋን አያት። ኃይለልዑል ድለላው ከእጁ ስለወጣ ጋራዡን በስድብ ሞላው፤ “ባልሽም እንዲሁ ነበር፣ ዘራችሁ ነው!” ብሎ ሄደ። እሱ ሊያቆስላት ብሎ የተናገረው ለእሷ ሌላ ትርጉም ነበረው።

ጫልቱን ከዚያ በኋላ አላየቻትም። አንድ ሰሞን የሠርግ መኪናዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ ኪያ ይኖርበት እንደሆነ ሾፌሮቹን ታይ ነበር። ሌላ መኪና ገዝተው ይሁን፣ ያችም አታላቸው ይሁን፣ ወይስ ሥራ ጀምረው ይሁን አላወቀችም።

መኪናዋን በመጨረሻ የወሰዳት ሱማሌ ተራ የተበታተነ ዕቃ የሚሸጠው አብዱልከሪም ነው። የሰጣት ጫልቱ ልትከፍል ከነበረው ሲሦውን ቢሆን ነው። እንከን የለባትም ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ለእሱ ደኅና የሆነው ደኅና ነው፣ የተበላሸው ብረት ነው።

“በሮቿ ደኅና ናቸው፣ መብራቷ ደኅና ነው፣ ወንበሯ አንደኛ ነው” አላት እየዞረ። “አብሽሪ እትዬ፣ ሌሎች ስንት መኪናዎችን ታድናለች።”

ሀጅራ ሲፈቷት ለማየት አልቆመችም። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግን የመጀመሪያው በር ሲላቀቅና ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ ሰማችው። በአንድ ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ዐረፈች። ተሸካሚዎች “ጎን! ጎን!” እያሉ አጠገቧ ያልፋሉ።

የመኪናዋ ዋጋ ውዝፉን ኪራይ ከፈለ፤ ሱቁን ለብቻዋ ለማቆየት ግን አልበቃም። ግማሹን ለአንድ የመጋረጃ ነጋዴ ለቀቀች። በመሀል የፕላይዉድ ግድግዳ ቆመ። እሷ በጠበበው በኩል ሻሽና ሽርጥ ትሸጣለች። የማታ ሂሳብ ከድሮው ያንሳል፤ ግን አልተዘጋም። ጎረቤት ነጋዴዎች የጋራዡን ወሬ ሰምተዋል። አንዳንዱ “እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቷል” ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ከኋላዋ “ሞኝ” ይላታል። ሁለቱንም ትሰማለች።

ለፈርሀት የነገረቻት ከሰነበተ በኋላ ነው። ፈርሀት አማኑኤል አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እሑድ ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን ምሳ በልተው፣ ሀጅራ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች በኋላ፣ የበሪሁንን ነገር ሁሉ አንድ ሳታስቀር አወራቻት። የሻሸመኔውን ሰው፣ ራሷ መኪናዋን ማስዋቧን፣ የጫልቱን እጅ፣ ራሷን መነቅነቋን ጭምር።

ፈርሀት ስታዳምጥ ቆይታ፣ “ኡሚ፣ አባዬ እንዲህ ያለውን ነገር ለመካኒክ ነግሮ ለአንቺ እንዴት ይደብቃል?” አለች። “ዕድሜ ልካችሁን አብራችሁ ነበራችሁ እኮ።”

ሀጅራ የሻሿን ጫፍ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

“ፈርቶኝ ነው” አለች። “እኔ ደግሞ የሚፈራኝ አይመስለኝም ነበር። የማይሰማኝ ነበር የሚመስለኝ።”

ፈርሀት ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የእናቷን እጅ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ለአሱር ሶላት አዛን እስኪባል ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።